የቪትዟ ትንፋሽ

ዓለም ገና፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለኡርጂ ጥሩሰው፣ ሱሉልታ፤

እንደምን ሰንብተሻል ልጄ? እኔ ስሙ ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤሽን ኦቦ ነገሳ የውሃ ሳጥን ጭኖ ወደ ሰበታ ሲያልፍ አይሱዙውን ጋራዡ በር ላይ አቁሞ ሰጠኝ። ከሰጠኝ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው። የዘገየሁት ንቄሽ አይደለም። ሁለቴ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ለልጁ ጽፎ የማያውቅ አባት መነሻው ይጠፋዋል።

ስልክ ለምን አታነሳም ብለሻል። ስልኬ ወድቃ ተሰብራለች፤ ሌላ አልገዛሁም። ስለዚህ የሞተሯን ድምፅ በስልክ ላሰማህ ያልሽውም አይሆንም። ወረቀት ይሻለናል።

ወደ ጥያቄሽ ልግባ። ቡራዩ ያለው ወንዲ የሚባለው የመለዋወጫ ነጋዴ «ስሮትል ቦዲዋን በትልቅ ቀይሪያት፣ እንጦጦን እንደ ፈረስ ትወጣዋለች» ብሎሻል። ያዋጣል ወይ ነው ያልሽኝ። አያዋጣም። ምክንያቱን ልንገርሽ፤ ነገ ሌላው ሌላ ነገር ሊሸጥልሽ ሲመጣ መልስ አታጪም።

ስሮትል ማለት የሞተሩ የአየር በር ነው። ነዳጅ መስጫውን ስትረግጪ በሩ ይከፈታል፣ አየር ይገባል፣ ሞተሩም በገባው አየር ልክ ቤንዚን ያቃጥላል። የአንቺ ቪትዝ ሞተሯ አንድ ሊትር ናት፤ ሳንባዋ ትንሽ ነው። ለጎጆ ቤት የቤተክርስቲያን በር ብትገጥሚለት ውስጡ የሚይዘው ሰው አይጨምርም። ትልቅ በር የሚጠቅመው ሞተሩን አስፈትቶ ላሠራ፣ ለእሽቅድምድም ለሚነዳ ሰው ነው። ደግሞ ሱሉልታ ከፍታ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ እዚያ የማትደክም መኪና የለችም።

ይልቅ ያለው በር ጥላሸት ይዞ ይሆናል። ባትሪውን ፍቺ፣ ከአየር ማጣሪያው የሚመጣውን ቱቦ ንቀዪው። ክብ ብረት ውስጥ እንደ ትልቅ ሳንቲም ያለች ክዳን ታያለሽ። በጣትሽ እንዳትገፊያት፣ በኤሌክትሪክ ነው የምትንቀሳቀሰው። የስሮትል ማጽጃ ገዝተሽ ጨርቅ ላይ ረጭተሽ ጠርዟን ቀስ ብለሽ አብሺ።

መጥተህ ስማት ላልሽው፣ ሥራ በዝቶብኛል። በሩን ስትገቢ ቆልፊ። ብርዱን ተጠንቀቂ።

አባትሽ ጥሩሰው

*

ሱሉልታ፣ ጥቅምት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባዬ፣

አካም ጂርታ? እማዬ ብትኖር በኦሮምኛ እንዲህ ብላ ነበር የምትጀምርልህ፤ ከእሷ የወረስኩትን ልጀምርበት ብዬ ነው።

ያልከኝን አደረግሁ። ክዳኗ ዙሪያዋን ጠቁራ ነበር፤ ስጨርስ ጨርቁ የድስት ቂጥ መስሏል። ሁለት ቀን ተሻላት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ለልምምድ የማመላልሳቸውን አራቱን ሯጮች ጭኜ ወደ እንጦጦ ጫካ ስወጣ ግማሽ ዳገት ላይ ደከመች። እረግጣለሁ፣ አትሄድም። ቲቲ የምትባለዋ ሯጭ «ኡርጂ፣ ወርደን ብንገፋስ?» አለችኝ። ሳቁብኝ። ወርደው ሮጡ። አባዬ፣ ቀድመውኝ ደረሱ።

አሰልጣኙ ዲሪርሳ ግን አልሳቀም። «እህቴ፣ ልጆቹ ልምምድ ሳይጀምሩ ደከሙብኝ። እስከ ኅዳር መጨረሻ ካልተስተካከለች ሌላ መኪና እይዛለሁ» አለኝ። ከእነሱ ሌላ ቋሚ ሥራ የለኝም። እሱ ከቀረ መኪናዋን መሸጥ ነው። ከእሷ ሌላ ደግሞ በዚህ ግቢ ድምፅ የሚያሰማኝ የለም።

ወንዲ አሁንም ይደውልልኛል። «አባትሽ የድሮ መካኒክ ናቸው፣ የዘንድሮን መኪና አያውቁም» ይላል። ተናድጄ ዘጋሁበት። ግን አባዬ፣ አንተም አልመጣህልኝም። ልጅ ሆኜ ሰው መኪናውን ይዞ በራችን ላይ ይሰለፍ አልነበር? ኮፈን ሳትከፍት፣ ዓይንህን ጨፍነህ ሰምተህ «ሦስተኛው ካንዴላ ነው» ትል ነበር። አንድ እሁድ ብቻ ና። ሰምተሃት ትመለሳለህ፤ ቆይ ብዬ አልይዝህም።

ለእማዬ ሙት ዓመትም ቀረህ። አጎቶቼ «ጥሩሰው የት ሄደ?» ብለው ጠየቁኝ። ታሟል አልኳቸው። ስዋሽ አፈርኩ።

በኦቦ ነገሳ እጅ ስልክ ልኬልሃለሁ። ያገለገለ ነው ግን ደህና ይሠራል። አንድ ቁጥርን ተጭነህ ብትይዝ ወደ እኔ ይደውላል።

ልጅህ ኡርጂ

*

ዓለም ገና፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ኡርጂ፣

ስልኩን በኦቦ ነገሳ መልሼልሻለሁ። አትቀየሚኝ። ጋራዥ ውስጥ ዘይትና ውሃ ነው፤ ይበላሽብኛል። ለሌላ ሰው ሽጪው።

ለሙት ዓመቱ የቀረሁት እናትሽን ረስቼ አይደለም። የሰው ብዛት ከበደኝ። አንዱ ከዚህ፣ አንዱ ከዚያ ሲናገር ለማን እንደምመልስ ይጠፋኛል። አጎቶችሽን ይቅርታ በይልኝ።

እሁድ መምጣት አልችልም። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

ስለ መኪናዋ ያየሽውን ሁሉ ጻፊልኝ። የምትደክመው ስትነሳ ነው ወይስ ስትፈጥን? ካንዴላዎቹን አስወጥተሽ ቀለማቸው ጥቁር ነው ወይስ ቡኒ? ከውስጥ ምን ይሸታል? ምንም ሳታስቀሪ፣ እንደማያውቅ ሰው አድርገሽ ጻፊልኝ።

የወንዲን ዕቃ ግን አትግዢ። አንድ ሊትር ሞተር ላይ ከትልቅ ሞተር የወጣ ስሮትል ሲገጠም ኮምፒውተሯ ይደናገራል። አንቺ ለምነሽኝ ቀርቻለሁ፤ አሁን እኔም እለምንሻለሁ፤ አትግዢ።

አባትሽ

*

ሱሉልታ፣ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ ጥሩሰው፣

ስለ መኪናዋ ለሰጡኝ ምክር አመሰግናለሁ። ከእንግዲህ አይድከሙ። ባለፈው እሁድ በቡራዩ በኩል ስመለስ ወንዲ ጋ ገብቼ ትልቁን ስሮትል ቦዲ አስገጥሜያለሁ። ለጣሪያው ቆርቆሮ ያስቀመጥኩትን ነው የከፈልኩት። ጣሪያውም የእኔ፣ ገንዘቡም የእኔ ነው።

መምጣት እንደማይችሉ ጽፈውልኝ ነበር። መምጣት ብቻ ሳይሆን መዞርም እንደማይችሉ በዓይኔ አይቻለሁ። በቃኝ። ካሁን በኋላ አላስቸግርዎትም።

ኡርጂ ጥሩሰው

*

ዓለም ገና፣ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣ ኡርጂዬ፣

«እርስዎ» ብለሽ የጻፍሽልኝን ይዤ ሦስት ቀን ዞርኩ። ምን አድርጌ ነው አልኩ። መዞር አይችሉም ያልሽው አልገባኝም። በመጨረሻ ወረቀቱን ጋራዡ በር ላይ ሻይ ለምትሸጠው ለሐኒ አሳየኋት። አነበበችው። ከዚያ የካርቶን ቁራጭ አንስታ እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «እሁድ ልጅህ መጥታ ነበር። ጀርባህን ሰጥተህ ብረት ታጥባለህ። ሦስት ጊዜ አባዬ ብላ ጠራችህ። አልዞርክም። እያለቀሰች ሄደች። የአንተን ነገር የምታውቅ መስሎኝ፣ ተጣልታችኋል ብዬ ነው ያልነገርኩህ።»

ኡርጂዬ፣ አልሰማሁሽም። አልሰማም። ጆሮዬ ሄዷል።

አሁን ጻፍኩት። አሥር ወር ሙሉ ከአንቺ የደበቅኩት ይኸው ነው።

አምና ጥር ላይ ግራው መጮህ ጀመረ፤ ዝንብ የገባበት ይመስል ነበር። በሚያዝያ ቀኙም ተከተለ። ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሟ ብትናገር ብትናገር ስላልገባኝ ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ፤ ነርቩ ነው፣ አይመለስም። ሠላሳ ዓመት ከመዶሻና ከሞተር ጋር የኖረ ጆሮ ነው፤ ምን ይደረግ።

በሐምሌ አንድ ሰው መኪናውን አምጥቶ «እስቲ ስማልኝ፣ ስምህን ሰምቼ ነው የመጣሁት» አለኝ። ከከንፈሩ አነበብኩት። አልሰማም ማለት አፈርኩ። እንደ ድሮው ዓይኔን ጨፈንኩ። ምንም የለም፣ ጨለማ ብቻ ነው። «ደህና ናት» ብዬ ሸኘሁት። ዘይቷ አልቆ ስትንኳኳ የመንገደኛ ጆሮ እንኳ ይሰማት እንደነበር ኋላ ነገሩኝ። ሰበታ ሳይደርስ ሞተሩ ነክሶ ቆመ። የጋራዡ ባለቤት የህያ ደግ ሰው ነው፤ አላባረረኝም። ከዚያ ወዲህ የተፈታ ብረት በናፍጣ አጥባለሁ። ሰዎቹ ሲስቁ አብሬ እስቃለሁ።

ስልኬ አልተሰበረችም። ሳጥን ውስጥ ናት። ስትበራ አያታለሁ፤ ስምሽ ይወጣል፣ ከዚያ ይጠፋል። አንቺ የላክሽውንም የመለስኩት ለዚህ ነው። መጥተህ ስማት እያልሽ ስትለምኚኝ ምን ልበልሽ? የምታውቂው አባትሽ የሚሰማው ነው። እሱ እንዲቀርሽ አልፈለግሁም።

ድምፅሽን መጨረሻ የሰማሁት በግንቦት ነው። ደውለሽ «ዝናቡ ጀመረ፣ ጣሪያው ያፈሳል» አልሽኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ ተናገርሽ፤ አልለየሁትም። «እሺ፣ እሺ» ብዬ ዘጋሁት። ምን ብለሽኝ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ይቅር በይኝ።

አባትሽ

*

ሱሉልታ፣ ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባዬ፣

ደብዳቤህን ኦቦ ነገሳ ሲሰጠኝ ታክሲ ተራው ላይ ነበርኩ። መኪናዋ ውስጥ ገብቼ መስኮቱን ዘግቼ አነበብኩት። ሰው ቢያንኳኳም አልከፈትኩም።

በግንቦት ምን እንዳልኩህ ልንገርህ። «ጣሪያው ያፈሳል» ካልኩህ በኋላ «ወደ ቤት ና፣ ብቻዬን ከበደኝ» ነው ያልኩህ። አንተም «እሺ፣ እሺ» አልከኝ። አልጋህን አነጠፍኩ። ክረምቱን ሙሉ ጠበቅኩህ።

ተናድጄብሃለሁ። ስለማትሰማ አይደለም። ለሐኒ፣ ለየህያ የተነገረ ነገር ለእኔ ስላልተነገረ ነው። ልጅህ እኔ አይደለሁም? እማዬ ስትታመም አብረን አይደል ያስታመምናት? ግን እኔም በጀርባህ ቆሜ ከመሄድ ፊትህ መጥቼ ትከሻህን መያዝ ነበረብኝ። አሥር እርምጃ ነበር የቀረኝ። አሥሩን እርምጃ እየቆጠርኩ ነው የማድረው።

ስለ ስሮትሉ ልክ ነበርክ። ቆማ ስትሠራ እንኳ ትጮሃለች፣ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በራ፣ ቤንዚኑን ትጠጣዋለች፣ ዳገቱን ደግሞ እንደ በፊቱ አትወጣም። ወንዲ «የተገጠመ ዕቃ አይመለስም» አለኝ። አሮጌውን አስመልሼ አስገጠምኩ። አሰልጣኙ ዲሪርሳም ሌላ መኪና ይዟል። አልፈርድበትም።

ግን መኪናዋን አልሸጥኳትም። ምንም ሳታስቀሪ ጻፊ ብለህ አልነበር? መስማት ካልቻልክ እኔ ሰምቼ እጽፍልሃለሁ።

ጠዋት ስትነሳ ድምጿ እንደ ስፌት መኪና ነው፣ ለስላሳ። ሜዳ ላይ ቀስ ብዬ ስነዳት ምንም አትልም። ዳገት ጀምሬ ስረግጥ ግን ድምጿ ከፍ በማለት ፈንታ ይወፍራል፤ አፉ በትራስ ታፍኖ የሚጮህ ሰው አስብ። ከእግሬ ስር ሽሽሽ የሚል አለ፣ ክዳኑ ያልገጠመ ድስት ዓይነት። ቆሜ ነዳጅ ሰጥቻት ስለቃት ደግሞ ከሆዷ ስር ቸር፣ ቸር ትላለች፤ ጣሳ ውስጥ ጠጠር ከተህ ብትነቀንቀው እንደዚያ ነው። ወለሉ ይሞቃል። ሽታዋ የተበላሸ እንቁላል ነው። ካንዴላዎቹ ቡኒ ናቸው።

ሌላ የሰማሁት የለም።

ኡርጂ

*

ዓለም ገና፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኡርጂዬ፣

ደብዳቤሽን አራት ጊዜ አነበብኩት። በአራተኛው ሰማኋት።

መኪናሽ የታፈነችው በመግቢያዋ አይደለም፣ በመውጫዋ ነው። ከማርሚታው ቀደም ብሎ የጭስ ማጣሪያ አለ፤ ውስጡ የማር እንጀራ ይመስላል። እሱ ተሰባብሯል። ቸር ቸር የሚለው ስባሪው ነው፤ የቀረው ደግሞ ቀልጦ መንገዱን ዘግቶታል። ያቃጠለችውን ጭስ መትፋት ያቃታት መኪና አዲሱን አየር የት ታስቀምጠው? ወንዲ አፏን አሰፋላት፤ የተዘጋው ግን ሌላው ጫፍ ነበር። ሱሉልታ ካሉት ብየዳ ቤቶች ለአንዱ አስፈትተሽ ውስጡን በዓይንሽ እዪ። ደህና ያገለገለ ታገኛለሽ፤ ዋጋው ከስሮትሉ አይበልጥም። ይህንን በጥቅምት መጥቼ ነግሬሽ ቢሆን ገንዘብሽም ሥራሽም አይሄድም ነበር። የዚህ ጥፋት የእኔ ነው፣ ከወንዲ ይልቅ።

ወደ ቤት ና ላልሽኝ፣ እውነቱን ልጻፍልሽ። እፈራለሁ። እዚህ ሰው ሁሉ እየሠራ ስለሆነ ዝምታው የእኔ ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። እናትሽ ጠጅቱ በሌለችበት ቤት ግን ዝም ያለው ቤቱ ይሁን ጆሮዬ መለየት አልችልም። ደግሞ አንቺ ትናገሪያለሽ፣ እኔ አፍ አፍሽን አያለሁ። ወጣት ነሽ። ይሰለችሻል።

ብትፈልጊ ጻፊልኝ። እኔ እመልሳለሁ።

አባትሽ

*

ሱሉልታ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባዬ፣

ብየዳ ቤቱ ሲፈታው ስባሪው እፍኝ ሙሉ ወጣ። ልጁ «ማን ነገረሽ?» አለኝ። አባቴ አልኩት። «መጥተው አይተዋት ነው?» አለኝ። አይ፣ ከዓለም ገና ሆኖ ነው ስለው የቀለድኩ መሰለው።

ትናንት አራት ሰው ጭኜ እንጦጦን ወጣሁ። አልቆመችም። ጫፉ ላይ ስደርስ ለማን እንደምነግር አጣሁ። ተሳፋሪዎቹ ስልካቸውን ያያሉ። ቤት ገብቼም የምነግረው የለም። ይኸው ለአንተ ጻፍኩ፤ ወረቀቱ ደግሞ ኦቦ ነገሳ እስኪመጣ ድረስ ኪሴ ውስጥ ነው የሚከርመው።

ይሰለችሻል ላልከው፣ አላውቅም አባዬ። ሊሰለቸኝ ይችላል። አንተም ልትሰለቸኝ፣ እኔም ላናድድህ እንችላለን። እንደዚያም ቢሆን አንድ ቤት ውስጥ ይሻላል። ሰው ለገና ከየትም ይመጣል። ና። ካልመጣህ እኔ እመጣለሁ፣ እንደ ባለፈው ግን አልመለስም።

ኡርጂ

*

ጫንጮ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ኡርጂ፣

አትደንግጪ፣ ደህና ነኝ። ይህን ወረቀት የሚሰጥሽ ወደ ሱሉልታ የሚመለስ ሚኒባስ ረዳት ነው። ተራው ላይ ሁሉም ያውቅሻል ብዬዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ ተነሳሁ። የህያ አዲስ አበባ ድረስ ሸኘኝ። ለበዓል ሰው በዝቶ የሱሉልታው ታክሲ አልተገኘም፤ ሱሉልታን አልፎ የሚሄደውን የጫንጮውን ያዝኩ፣ መንገድ ላይ እወርዳለሁ ብዬ። ጥግ ላይ ነው የተቀመጥኩት፤ በእኔና በረዳቱ መካከል ሰውና ዶሮ ሞልቷል። ሱሉልታ ስንደርስ ረዳቱ ወደ ውጭ ነው የሚያየው። «ወራጅ አለ» ማለት ነበረብኝ። ማለት አቃተኝ። ድምፄ አሁን ምን ያህል እንደሚወጣ አላውቅም፤ እጮህ ይሁን አንሾካሹክ አላውቅም። አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ግቢያችንን በመስኮት አየሁት። ልብስ አስጥተሻል፣ ቆርቆሮው አንድ በኩል ተነስቷል፣ ቪትዟ በር ላይ የለችም። ከዚያ አለፈ። የገዛ ቤቴን እያየሁ አለፍኩት።

መጨረሻ ተራው ላይ ሁሉም ሲወርድ ወረድኩ። ሻይ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። ለመመለስ ሁለት መኪና ተነሳ፣ ሁለቱንም ፈርቼ ተውኩ። የሻይ ቤቷ ባለቤት ጂቱ ትባላለች። መጀመሪያ አናገረችኝ፤ ዝም ስላት ኩራተኛ ነው ብላ ፊቷን አዞረች። ከዚያ ጆሮዬን አሳየኋት። ለማላውቀው ሰው በአፌ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው፤ «አልሰማም» ስል ቤቱ ሁሉ ዞሮ አየኝ፣ ጮኼ ነው መሰል። አንዱ ሽማግሌ ወንበሩን አምጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

ጂቱ እጇን እንደ ስልክ አድርጋ «ልጅህ ጋ ልደውልልህ?» አለችኝ። እኔ ራሴ ነኝ የምነግራት አልኩና ወረቀት ለመንኳት።

ነይና ውሰጂኝ። አትቸኩዪ። ወንበሬን ወደ መንገዱ አዙሬ ተቀምጫለሁ።

አባትሽ ጥሩሰው